ለብ ያለው ውሃ

ፀሐይ ሳትወጣ ተነስታ ችግኝ የምታጠጣ አንዲት ልጅ ነበረች። ሰፈሩ ጤዛ ይላታል። ፀሐይ እንኳ ከኮረብታው ጀርባ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ ጤዛ የመጨረሻውን መደብ አጠጥታ እስክትጨርስ ትጠብቃለች ቢባል የሚከራከር አይገኝም። በአባቷ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ የተደረደረው ችግኝ ከአንድ ክፍለ ጦር ይበዛል። እሷ ግን አንድ በአንድ ለይታ ታውቀዋለች፤ የትኛው ኩሩ እንደሆነ፣ የትኛው በትንሽ ትልቁ እንደሚያኮርፍ፣ የትኛው ጥላ እንደሚወድ።

ከመደቦቹ መሃል አባቷ በእጁ የቆፈረው ጉድጓድ አለ። አባትየው ስለ ጉድጓዱ ሲያወራ ባሕር ሰምቶ ያፍራል። መጨረሻ የለውም ይላል። ዓለም የደረቀ ቀን ሕዝቡ ሁሉ ባልዲውን ይዞ የሚሰለፈው እኔ በር ላይ ነው ይላል። ውሃው ከመቀዝቀዙ የተነሳ ጥርስ ያስጮሃል ይላል፤ ይቺ የመጨረሻዋ እንኳ እውነት ናት።

ውሃ ያገኘ ዕለት ገና ጎረምሳ ነበር። የመጀመሪያውን ባልዲ ስቦ የሰጠው ለጤዛ እናት ነው። ያኔ አልተጋቡም፤ እሺም አላለችውም። ተጎነጨችና ጉንጯን በእጇ ይዛ «ቀዝቃዛ ነው» አለችው። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እሱ ግን ይህቺ ትበቃኛለች ብሎ በዚያው ሳምንት ቤት መሥራት ጀመረ።

እናትየው ካረፈች ወዲህ የዚያን ጉድጓድ ገመድ ከአባትና ከልጅ በቀር የነካው የለም። ጎረቤት ውሃ ሲቸግረው አባትየው ራሱ ስቦ ይሰጣል፤ ገመዱን ግን ለማንም አያቀብልም።

ከሽቦ አጥሩ ማዶ ሆስፒታል አለ። ማዋለጃ ክፍሉ ውሃ የሚያገኘው በቦቴ ነበር። ቦቴው በቀረ ቀን ዋናዋ ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏት፣ ጄሪካን አንጠልጥላ አጥሩ ጋ ትመጣለች፤ አባትየውም ይስብላታል። በመጨረሻ ሆስፒታሉ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ።

መቆፈሩ ብቻውን ግን ምንም ማለት አይደለም። ከመሬት በታች ያለው ድንጋይና ጠጠር ምን ያህል ውሃ እንዳዘለ፣ ምን ያህሉን እንደሚለቅ፣ የለቀቀውን ደግሞ በምን ፍጥነት እንደሚተካ መፈተሽ አለበት። ፓምፑ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳያርፍ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይስባል፤ ውሃው ሲወርድ ይለካል። ከዚያ ፓምፑ ይጠፋና አመላለሱ ይታያል።

ይህን ሊሠራ የመጣው ሰው ባለሜትሩ ይባላል። የያዘው ጥቅልል ሜትር ጫፉ ውሃ ሲነካ ጢጥ ይላል። ቁመቱ የሰፈሩን የስልክ እንጨት አንገት ያስደፋ፣ ድምፁ ግን አጠገቡ ቆመው ካልሆነ የማይሰማ ዝግ ያለ ልጅ ነው። የችግኝ ጣቢያውን በር አልፎ ሲገባ ጤዛ ማጠጫዋን እንደያዘች ቀና አለች፤ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። አንድ ዘመን የሚያህል ጊዜ አለፈ። ዘመኑ ሲያበቃ የማጠጫው ውሃ በሙሉ ጫማዋ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ባለሜትሩ ወደ አባትየው ዞሮ ጉዳዩን አስረዳ። የሆስፒታሉ ጉድጓድ ሲሳብ ይህ ጉድጓድ አብሮ ይወርድ እንደሆነ ማየት ይፈልጋል። ለዚህ ሜትሩን ማውረድ አለበት፤ ፈተናው እስኪያልቅም ከዚህ ጉድጓድ አንድ ባልዲ እንኳ መቀዳት የለበትም።

አባትየው ሳቀ።

«የኔ ውሃና የእናንተ ውሃ አይተዋወቁም፣ ልጄ።»

«እሱን ነው የምንጠይቃቸው፣ ጋሼ።»

አባትየው መልሱ ደስ አለው። ያሉትን በርሜሎች ሁሉ አስሞልቶ፣ ጉድጓዱን ለፈተና ለቀቀ። ሜትሩን አውርዶ የሚያነብ ሰው ሲፈለግ ደግሞ ጤዛ ማንም ሳይጠራት እጇን አወጣች።

ፓምፑ ተነሳ። የጄኔሬተሩ ጩኸት ሰባት አገር አዳረሰ። ከጥልቁ የወጣው ውሃ በወፍራም ቱቦ እየተገፋ፣ ከችግኝ ጣቢያው በታች ባለው የጎርፍ ቦይ ወርዶ ይሄዳል። ጤዛ በአጥሩ ወዲህ፣ ባለሜትሩ በአጥሩ ወዲያ። እሷ ቁጥሩን ትጠራለች፤ እሱ እንዳይሳሳት ያን ዝግ ያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቃል በቃል ይደግመዋል። ከዚያ «ሰማኸኝ?» ትላለች። «ሰማሁሽ» ይላል።

ለሌላው ሰው ይህ ቁጥር ነው። ሁለቱ ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ ያልተባባሉት ነገር አልነበረም። እሷ ደከም ስትል እሱ ከድምፅዋ ያውቃል፤ እሱ ዝም ብሎ ሲቆይ እሷ ማዶ የሆነውን ትገምታለች።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት፣ «ድምፅሽ ወረደ፤ ውሃውም እንደሱ ነው?» አላት።

«ውሃው ደህና ነው። ምሳ ያልበላሁት እኔ ነኝ።»

አንድ ብርቱካን በአጥሩ ላይ ተሻግሮ መጣ። በሕይወቷ እንደዚያ የጣፈጠ ብርቱካን አልበላችም፤ በዓለም ላይም ከዚያ ወዲህ አልበቀለም።

ነገሩ የተበላሸው ጄኔሬተሩ ሲሞት ነው። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሁለቴ ተንደፋድፎ ጸጥ አለ። የተቋረጠ ፈተና ደግሞ አይቀጠልም፤ ውሃው ወደ ቦታው እስኪመለስ ተጠብቆ እንደ አዲስ ይጀመራል። መካኒክ መጥቶ እስኪጠግነው፣ ውሃውም እስኪመለስ በርሜሎቹ ባዷቸውን ቀሩ። ሰማዩ የጋለ ብረት ምጣድ ሆኗል። ፈተናው ዳግም ሲጀመር ችግኞቹ አንገታቸውን መድፋት ጀምረው ነበር።

ጤዛ የመጨረሻዋን ማጠጫ ይዛ በመደቦቹ መሃል ስትሄድ ባለሜትሩ በአጥሩ ቀዳዳ አያት። ለአንዱ ትሰጥና ሁለተኛው ጋ ስትደርስ ታመነታለች። ለማን ሰጥታ ለማን እንደምትከለክል ጨንቋት በመንገዱ መሃል ቆመች። ከታች ደግሞ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ውሃ እያጓራ በቦዩ ይወርዳል። አንጀቱን በላው።

ምንም ሳይናገር ሄዶ ቱቦውን ከቦዩ አነሳና ጎትቶ በመደቦቹ ራስ ላይ ዘረጋው።

«ይጠጡ» አለ።

ጤዛ ማጠጫዋን አስቀመጠች። ውሃው በእግሯ ሥር አልፎ ወደ መደቦቹ ሲገባ ለብ ያለ ነበር። ጥልቅ ጉድጓድ ውሃው እንደዚያ ነው፤ የምድርን ሙቀት ይዞ ይወጣል።

አባትየው ማታ ከቤት ወጥቶ ችግኞቹ ቀና ማለታቸውን አየ። ለረጅም ጊዜ ቱቦውን ሲመለከት ቆየና፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ፣ «ይሄ ልጅ ሰው ነው። እንዲህ ያለው በሬን ቢያንኳኳ አልዘጋበትም» አለ። ጤዛ ሳህን እያጠበች ነበር። ያንን ሳህን እስኪሳሳ ድረስ አጠበችው።

በማግስቱ የአባቷ ጉድጓድ ውሃ መውረዱን አቆመ። ጤዛ ጠራች፤ ያው ነው። ቆይታ ጠራች፤ ያው ነው። እንዲያውም ከሰዓት በኋላ ትንሽ ከፍ አለ። ሲስተር ወሬውን ሰምታ እየሮጠች መጣች፤ ውሃው አልወርድም አለ ማለት አያልቅም ማለት አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች። አባትየውም ከአጥሩ ወዲህ ሆኖ፣ የኔ ጉድጓድ መጨረሻ እንደሌለው ድሮም ተናግሬያለሁ ብሎ ለሰፈሩ አወጀ።

ባለሜትሩ ብቻ አልሳቀም። ጤዛ ልብ አለችው።

አመሻሽ ላይ ሜትሩን ከአባቷ ጉድጓድ ስባ አወጣች። ጫፉን በጨርቅ ልትጠርግ ስትል እጇ ቆመ። ሁልጊዜ ያ ጫፍ ከበረዶ የወጣ ይመስል ጣቷን ያደነዝዘው ነበር። ጉንጯ ላይ አስደገፈችው። ለብ ያለ ነው።

ቱቦውን አየች። መደቦቹን አየች። እነዚያ መደቦች ሥራቸው ጠጠር ነው፤ ያጠጧቸውን ውሃ ይዘው አያድሩም። ከጥልቁ የወጣው ውሃ ችግኙን አጠጥቶ፣ በጠጠሩ ሰርጎ፣ ወደ አባቷ ጉድጓድ ተመልሷል። ውሃው መውረድ ያቆመው ለዚህ ነው። ከላይ እየተሞላ ያለ ጉድጓድ እንዴት ይጎድላል?

ሜትሩን ጠቀለለች። ለማንም ምንም አላለችም። ያን ምሽት ቁጥሩን እንደ ወትሮው ጠራች። እሱም ደገመው። «ሰማኸኝ?» አለች። መልሱ ዘግይቶ መጣ። «ሰማሁሽ።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሲስተር ፊቷ በርቶ ወደ ባለሜትሩ መጣች። ከነጋ ሁለት እናቶች እንደወለዱ፣ ቦቴው ደግሞ ዛሬም እንደቀረ ነገረችው። ከዚያ ጥያቄዋን ጠየቀች።

«እስቲ ቁርጡን ንገረኝ። ይበቃናል?»

ጤዛ ከአጥሩ ወዲህ ሆና ሰማች። አዎ ቢል ሁሉም ነገር ያልቃል። ሲስተር ደስ ብሏት ትሄዳለች፤ ችግኞቹ ይተርፋሉ፤ አባቷ በሩን ይከፍታል። አንዲት ቃል ናት።

«እስከ ነገ ይታገሱኝ፣ ሲስተር» አለ ባለሜትሩ።

ሲስተር ግራ ተጋብታ ሄደች። ጤዛ ወደ አጥሩ ተጠጋች። በሽቦው መሃል ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ አየችው፤ እንቅልፍ ያላየ ፊት ነው።

«ታውቃለህ አይደል?»

ምኑን ብሎ አልጠየቃትም።

«ከትናንት ጀምሮ። አንቺስ?»

«እኔም ከትናንት። ሜትሩ ሞቆ ወጣ።»

ጄኔሬተሩ እንደ ዕብድ ይጮሃል፤ እነሱ ግን ጸጥታ የወደቀበት ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስል ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ቱቦውን ታነሳዋለህ። አንተስ?»

«ብነግርሽ አንሳው ትይኛለሽ።»

ሳቅ ነበር የሚመስለው፤ ከሁለቱም ዓይን የወጣው ግን ሌላ ነው። አንዱ ለሌላው ሲሳሳ አንድ ቀን ሙሉ ውሸት ሲለኩ ዋሉ።

«ባናነሳውስ?» አለች፣ መልሱን እያወቀች።

እሱም ሳይሸፋፍን ነገራት። ቱቦው ከቆየ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ውሃው አያልቅም የሚል ነው። ሆስፒታሉ ያንን አምኖ በሙሉ ጉልበት ይስባል። ያኔ ውሃው በቱቦ ተመልሶ የሚመጣ አይደለም፤ ማዋለጃ ክፍል ገብቶ ይቀራል። ጥቂት ዓመት ያገለግላል። ከዚያ መጀመሪያ የአባቷ ጉድጓድ ይደርቃል፤ ቀጥሎ አንድ ቀን፣ አንዲት እናት ምጥ ላይ ሳለች፣ የሲስተር ቧንቧ ንፋስ ይተፋል።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ። «ቱቦው ቦዩ ውስጥ መቆየት እንዳለበት ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ችግኙ ሲጠወልግ ግን አንቺን ማየት አቃተኝ።»

ጤዛ ዞራ ሄደች። ባለሜትሩ ተቀየመችኝ ብሎ ነበር። እሷ ግን የሄደችው ወደ ቱቦው ነው። ጫፉን በሁለት እጇ አቅፋ ከመደቡ ላይ አነሳችው። ያ ቱቦ ዘንዶ ያህል ይከብዳል። እሱም በሩን ዞሮ እየሮጠ መጣ፤ ሌላውን በኩል ያዘ።

አባትየው ከቤት ሲወጣ ሁለቱ ቱቦውን ወደ ቦዩ ሲጎትቱ አገኛቸው።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

ባለሜትሩ ቱቦውን አስቀምጦ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፈተናው እንደተበላሸ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እንደሚጀመር፣ እስከዚያ ከቱቦውም ከጉድጓዱም ለችግኙ ውሃ እንደማይኖር ተናገረ። ቃሉን አላለሳለሰም።

«ችግኜ ይሙት ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ ጋሼ። የዘንድሮው ይሞታል። ጉድጓዱ እንዳይሞት።»

«የኔ ጉድጓድ?» አባትየው ደሙ ፈላ። «የኔ ጉድጓድ ከእናንተ ጋር ምን አገናኘው?»

ጤዛ ሜትሩን አውርዳ፣ ጢጥ ሲል ስባ አወጣችና ጫፉን የአባቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። አባትየው ጣቶቹን ጨበጠ። ያንን ውሃ ከሚስቱ ቀጥሎ እንደሱ የሚያውቀው ሰው አልተፈጠረም። ለብ ያለ ነበር። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ወረደ። ሜትሩን ለልጁ መለሰላትና ወደ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ።

ባለሜትሩ ለሲስተር የነገራት በዚያው ዕለት ነው። ጥፋቱ የራሱ እንደሆነም አልደበቀም። ሲስተር አልጮኸችም፤ ባዶ ጄሪካኖቿን አነሳች። ከጩኸት የባሰው እሱ ነው።

ጄኔሬተሩ ጠፋ። መሬቱ የጠጣውን እስኪረሳ ተጠበቀ። ከዚያ ፈተናው ለሦስተኛ ጊዜ ተጀመረ፤ ቱቦው ቦዩ ውስጥ፣ ችግኞቹ ፀሐዩ ውስጥ። ጤዛ ለችግኞቹ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጥር ጠራች። አንድ ጊዜ ዞር ብላ ስታይ የኩሩዎቹ መደብ በሙሉ ተጋድሟል። ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቁጥሩን ግን አላሳሳተችም። ከማዶ ቃል በቃል ተደገመላት።

«ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ። አለሁ።»

«አለሁ» የምትለዋ አዲስ ናት። ጤዛ ያቺን ቃል ይዛ እስከ መጨረሻው ቆመች።

የአባቷ ጉድጓድ ወረደ። ሳያቋርጥ፣ ያለ ምንም ይሉኝታ ወረደ። ሁለቱ ውሃዎች ይተዋወቃሉ ብቻ ሳይሆን አንድ ናቸው። በዚያ ሳምንት አባትየው ስለ ጉድጓዱ ለማንም ምንም አላወራም። ሰፈሩ ጸጥታው ከብዶት ጆሮውን ሲያሽ ከረመ።

ፓምፑ የጠፋ ዕለት ጠዋት፣ የቀረው አመላለሱን ማየት ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ ሰው የሚሠራው ነገር የለም። መጠበቅ ነው። ባለሜትሩ በመጨረሻዋ ቀን ራሱ ማየት ስላለበት አጥሩን ዞሮ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞም ፈቃድ ጠየቀ። አባትየው ጉድጓዱ አፍ ላይ ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ፈቀቅ አለለት። ሦስቱም ተቀመጡ። ዙሪያቸው የደረቀ ችግኝ ነበር።

ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ፣ ውሃው ድሮ የሚቆምበት ቦታ፣ አባትየው ጎረምሳ ሳለ በዶማ የጫረው ምልክት አለ። ውሃው ከሱ ብዙ ዝቅ ብሎ ጠቁሮ ይታያል።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ውሃው ሊታይ በማይችል ፍጥነት መጣ።

«መጨረሻ የለውም እል ነበር» አለ አባትየው በመጨረሻ።

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ሚስቴ እንዳለው ታውቅ ነበር። በክረምት ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ሲል ታያለች። አንድ ቀን እንኳ አላረመችኝም።» ወደ ታች አየ። «ይመለሳል?»

ጤዛ ባለሜትሩን አየችው። በዚያች ሰዓት ደግ ውሸት ከአፉ ቢወጣ ማንም አይፈርድበትም።

«አላውቅም» አለ። «አብሬዎት አያለሁ።»

አባትየው ቀና ብሎ ተመለከተው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያየው ሰው፣ ከጫማው እስከ ፀጉሩ። ከዚያ ወደ ውሃው ተመለሰ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሃው ከምልክቱ አንድ መዳፍ ሲቀረው ቆመ። ጠበቁ። ከዚያ አላለፈም። ባለሜትሩ ትርጉሙን ተናገረ፤ ከታች ያለው ውሃ ድንበር አለው፣ ነገር ግን ሕያው ነው። ሆስፒታሉ ካሰበው ግማሹን ብቻ ከሳበ ሁለቱም ጉድጓድ ይኖራሉ። ለቀሪው ግማሽ ከኮረብታው ማዶ ሌላ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ እሱንም የሚፈትሸው እሱ ነው።

ሲስተር አጥሩ ጋ ቆማ ትሰማ ነበር። «ግማሹም ቢሆን፣ አንዷ እናት አልጋ ላይ እያለች የማይጠፋ ከሆነ እወስደዋለሁ» አለች። ፈገግታዋ የደከመ ነበር፤ ግን የእውነት ነው። ከዚያ ለባለሜትሩ፣ በኮረብታው ማዶ ቱቦህን ወዴት እንደምትዘረጋ መጥቼ አያለሁ ብላው ሄደች።

ፈተናው አበቃ። ጉድጓዱን መንካት ተፈቀደ።

አባትየው ተነሳ። ጉልበቱን እየደገፈ ሄዶ የገመዱን ጫፍ ከእንጨቱ ላይ ፈታ። ጤዛ ለራሱ ሊቀዳ መስሏት ነበር። እሱ ግን ገመዱን እንደያዘ የባለሜትሩ ፊት ቆመ። ዓይኑ የደረቁት መደቦች ላይ ነበር እንጂ ባለሜትሩ ላይ አልነበረም። ከዚያ ገመዱን እጁ ላይ አስጨበጠው።

«ቅዳላት» አለ።

ባለሜትሩ የዚያን ገመድ ታሪክ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቷል። የዓለምን ጥልቅ ጉድጓዶች ሁሉ የለካ እጅ ያን ባልዲ ቀስ ብሎ አወረደው። ባልዲው ውሃውን ሲነካ የሰማው ድምፅ አጭር ነበር። ሳበ። በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጤዛ ቀረበ፤ እሷም ባልዲውን በእጆቹ ላይ ደግፋ አጎንብሳ ተጎነጨች።

አባቷ ጀርባውን ሰጥቷቸው የደረቁትን ችግኞች አንድ በአንድ ከመደቡ መንቀል ጀምሮ ነበር፤ ለአዲሶቹ ቦታ ሲያዘጋጅ። ጆሮው ግን ወደ ኋላ ነው።

ጤዛ ቀና አለች። ጉንጯን በእጇ ያዘች።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች።